የላላ ማሳ

ጥር ነው። በካይኑ፥ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣
ጎህ ለመቅደድ ገና ዳር ዳር የሚልበት።
ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት የወረደ ብርድ
በመጋዘኑ በር ሽንቁር ገብቶ የሚያርድ።
እኔ ባትሪ ይዤ፥ አባቴ ባትሪ ሲፈታ፣
እንደ ልጅነቴ ቆሜአለሁ በዚያው ቦታ፤
«ወደዚህ አብሪልኝ!» ሲል ወደዚያ እያበራሁ።
አርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬም እፈራዋለሁ።

ኦይቫ ነው ስሙ። ወሬ የማይወድ ሰው።
ቁልፉን አዞረው።
ጠቅ።
ደግሞ አዞረው።
ጠቅ።
ሌላ ቃል የለውም ያ ቀዩ ትራክተር፤
እሱም እንደ አባቴ አይወድም መናገር።
የፊት መብራቱ ግን ደህና ነው ሲያዩት፤
ቁልፉ ሲዞር ብቻ ፍዝዝ ይላል ድንገት፣
እንደ በሽተኛ፥ «ተነሥ» ሲሉት ጊዜ
ዓይኑን እንደሚከድን በአጉል ትካዜ።

«ባትሪው ነው» አለኝ። «አርጅቷል፤ ብርድ መታው።»
ነጭ አረንጓዴ ዝገት ጫፎቹን የዋጠው
በሙቅ ውኃና በሶዳ፥ በጥርስ ብሩሽ አሸው፤
አረፋው ፈልቶ ወረደ። ጠራ። መልሶ አሰረው።
ጠቅ።

ማታ ከምድጃው ሥር፥ ከድመቷ አጠገብ አስተኛው፤
ጋዜጣ አነጠፈለት፣
ቻርጀሩን ሰክቶ ሌሊቱን አደረለት።
በወንበር ተቀምጦ፥ ጫማውን ሳይፈታ፣
ቁጥር ይመለከታል። እናቴም የሞተች ማታ
እንዲህ ነበር ያየሁት፤ በሌላ ቁጥር ፊት።

ጠዋት መለኪያው አሥራ ሁለት ነጥብ ሰባት አለ።
ሙሉ ነው! ታቅፎት ወጣ፥ ፈገግ እንዳለ።
አሰረው። አዞረው።
ጠቅ አለ።

በሦስተኛው ቀን ካያኒ ከተማ ሄደን፣
መቶ ሃምሳ ዩሮ ቆጥረን አዲስ ገዛን።
«የሦስት ዓመት ዋስትና አለው» አለን ሻጩ።
«እኔ ግን የለኝም» አለው አባቴ፥ ሳይስቅ።
ቤት ደረስን። አሰረው። አዞረው።
ጠቅ።

ያን ጊዜ ሂልካ መጣች፥ ሸርታቴዋን እየገፋች፤
መንገዷ ተዘግቶባት፥ ሰማንያ ዓመት የሞላች፣
በሥራ ዘመኗ የስልክ መስመር ሠራተኛ የነበረች።
ስለዚህ ባትሪ አላየችም፤ ገመድ ነው ያየች።
«አዙረው፥ ኦይቫ። አሁንም። አንዴ ደግሞ» አለች፤
ጓንቷን አወለቀች፣
ጥቁሩን ገመድ በመዳፏ እየዳሰሰች
እስከ ብረቱ ወገብ፥ እስከ ብሎኑ ወረደች።
«ይኸውና! በዚህ ሁሉ ብርድ እዚህ ጋ ትኩስ ነው።
ሌባው እዚህ ተደብቆ ነው ጉልበት የሚሰርቀው።
ባትሪው ምን ያድርግህ? ማሳው ነው የላላው።»

ማሳው።
አባቴ ቀና አለ።
መካኒክ ማሳ ሲል ያችን ጥቁር ሽቦ ነው፣
ባትሪን ከብረት ገላ የምታገናኘው።
ገበሬ ማሳ ሲል ሌላ ነው።
አምና ነበር የሸጠው፣
አጃ የሚያበቅለውን፥ አያቴ ድንጋዩን ለቅሞ የሞተበትን፣
ፈርሞ ሲወጣ ባንክ ቤት ኮፍያውን የረሳበትን።

ማንም አልተናገረም። ሂልካ ቢላዋ አወጣች፤
ቀለሙን፥ ዝገቱን፥ የስንት ዓመት ጭቃ ፋቀች፣
ብረቱ እስኪያበራ፥ አዲስ ሳንቲም እስኪመስል።
እኔም ባትሪዬን ያዝኩ፥ ለአንዴ እንኳ በትክክል።
አባቴ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ አሰረው።
አዞረው።

ትራክተሩ አጓራ፥ አነጠሰ፥ ጥቁር ጭስ ተፋ፣
ድመቷ ከመስኮት ዘላ ጠፋች።
የሂልካን መንገድ እስከ ደጇ ጠረገላት፤
ሲመለስ ግን ከሸጠው ማሳ ድንበር ላይ ቆመ።
መሸ። በረዶው ሰማያዊ ሆነ። እሱ እንደቆመ፣
ሞተሩም እንዳጉረመረመ።
ሾርባ ቀርቦ፥ «ምን አቆመህ እዚያ?» ብለው
«ባትሪው እንዲሞላ ነው»
አለኝ፥ ሾርባውን እያየው።